ቆማ የምትበላ መኪና

(በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ለማኅበረሰባችን አባላት ከተደረገ ንግግር የተዘጋጀ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ፣ ወገኖቼ። ቅዳሜ ማታ ለብዙዎቻችሁ ዋና የሥራ ሰዓት ነው። ገቢያችሁን ትታችሁ፣ መኪናችሁን አቁማችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ ስለማውቅ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

በምሠራበት የመኪና መሸጫ ግቢ ጀርባ፣ ከማጠቢያው አጠገብ፣ አንዲት ቡናማ መኪና ነበረች። ትንሽ፣ ባለአራት በር፣ ፍሪሲዮን እየተረገጠ ማርሿ በእጅ የሚቀየር። የመጣች ሰሞን ከመንገዱ ዳር ባንዲራዎቹ ሥር ነበር የቆመችው። ሦስት ወር ሲሞላት ወደ ሁለተኛው ረድፍ ተገፋች። ስድስት ወር ሲሆናት ወደ ጎን ወጣች። ዓመት ሊደፍናት ሲል ማጠቢያው ጋ ደረሰች። ከዚያ በኋላ ደንበኛ ይዞ ወደ እርሷ የሚሄድ ሻጭ አልነበረም። አንድ የመኪና መሸጫ ውስጥ የትኛዋ መኪና ችግር እንደሆነች ማወቅ ከፈለጋችሁ ወደ ጀርባ ሂዱ፤ ቦታዋ ራሱ ይነግራችኋል።

በዚህ ሥራ 14 ዓመት ቆይቻለሁ። ከወገኖቼ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው። «እነዚህ ሁሉ አዳዲስ መኪኖች ካልተሸጡ የት ይገባሉ? ወደ ፋብሪካ ይመለሳሉ? ይጨፈለቃሉ?» ወደ ፋብሪካ አይመለሱም፤ አይጨፈለቁምም። አንድ ቀን አንድ ሰው ይገዛቸዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው፦ መኪናዋ ቆማ የዋለችባቸውን ቀናት ዋጋ ማን ይከፍላል? ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ሳይጠይቅ የገዛ ሰው ነው። እዚህ አገር በገባሁ በሁለተኛው ዓመት እኔም ከፍያለሁ፤ እርሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

መኪናዋ የማን እንደሆነች እንወቅ። በአሜሪካ አብዛኛው አዲስ መኪና የሚሸጠው በፋብሪካው ሳይሆን የፋብሪካውን ስም ለመጠቀም ውል በገባ የግል ነጋዴ ነው። ትልልቆቹ አምራቾች ሽያጩን በሒሳብ መዝገባቸው ላይ ገቢ ብለው የሚጽፉት መኪናዋ ወደ ነጋዴው ስትላክ ነው፤ እናንተ እስክትገዟት አይጠብቁም። ከዚያች ቀን ጀምሮ መኪናዋ የነጋዴው ናት፤ አልሸጥ ብትልም የእርሱው ናት። ጨርቅ ነጋዴ ያልሄደለትን ጣቃ ለፋብሪካው መልሶ እንደማይሰጥ ሁሉ፣ ይኸኛውም አይመልስም።

ነጋዴው ግን ገንዘቡን ከኪሱ አያወጣም። ፍሎር ፕላን የሚባል ብድር አለ። ግቢው ውስጥ ያለችው አዲስ መኪና አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ብድር የተገዛች ናት፤ ወለዱም በየቀኑ ይቆጠራል። በቀላል ሒሳብ እንየው። ነጋዴው መኪናዋን በ40,000 ዶላር ወሰዳት፣ ወለዱ በዓመት 8 በመቶ ነው እንበል። በዓመት 3,200 ዶላር፣ በቀን 9 ዶላር ሊሞላ ጥቂት ሳንቲም የቀረው ይሆናል። አንዷ መኪና በቀን 9 ዶላር ብትበላ ላያሳስብ ይችላል። ግቢው ውስጥ 200 ካሉ ግን በየቀኑ ከ1,700 ዶላር በላይ ይጠፋል፤ እሑድም፣ በረዶ ወርዶ አንድም ሰው ሳይገባ በሚውልበት ቀንም። መኪና ስትሄድ ቤንዚን ትበላለች፣ ስትቆም ወለድ ትበላለች።

ይህን ለማቃለል ብዙ አምራቾች መኪናዋ ስትሸጥ ለነጋዴው የሚመልሱለት ገንዘብ አለ፤ ሆልድባክ ይሉታል። እንደ አምራቹ ቢለያይም አብዛኛውን ጊዜ ከዋጋዋ ከ1 እስከ 3 በመቶ ነው። በምሳሌያችን 3 በመቶው 1,200 ዶላር ይሆናል። 1,200 ዶላር በቀን 9 ዶላር እየተበላ የሚያቆየው አራት ወር ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ ያለፈችው እያንዳንዷ ሌሊት ከነጋዴው ሥጋ ትቆርጣለች። ዓመት ገደማ ሲሞላ ደግሞ አበዳሪው ብዙ ጊዜ ወለዱ ብቻ አይበቃኝም፣ ከዋናው ገንዘብ ላይ መክፈል ጀምር ይላል። ከማጠቢያው አጠገብ የቆመች መኪና ዋጋዋ በድንገት ሲወርድ ካያችሁ፣ ምክንያቱ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

ሸክሙን ወደ ታች የመግፋቱ ነገር አዲስ አይደለም። በ1920 መጨረሻ ገበያው ሲቀዘቅዝ ሄንሪ ፎርድ ዕዳ ተከምሮበት ነበር። ወደ ባንክ አልሄደም። ነጋዴዎቹ ያላዘዟቸውን መኪኖች በባቡር ጭኖ በየከተማቸው ላከላቸው፤ ሲደርሱ ክፈሉ፣ አለዚያ ውክልናችሁ ይሰረዛል ተባሉ። እነርሱም በየከተማቸው ወዳለው ባንክ ሮጠው ተበድረው ከፈሉ። የፎርድ ዕዳ በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች ላይ ተበተነ፤ ፎርድ ዳነ። ነጋዴዎች እንዲህ ባለው ጫና ለዓመታት ከጮኹ በኋላ ነው በ1956 የወጣው የፌደራል ሕግ፣ በቅን ልቦና የማይሠራን አምራች ፍርድ ቤት ማቆም የሚያስችላቸው።

ሌላው የአሜሪካ መኪና አምራች ክራይስለር ደግሞ በ1970ዎቹ ለራሱ ጉድጓድ ቆፈረ። ነጋዴ ሳያዝ መኪና እየሠራ በዲትሮይት ዙሪያ ሜዳ ላይ ያቆም ነበር። የሽያጭ ባንክ የሚል ስም ሰጡት፤ ባንክ ተብሎ ገንዘብ የሚያቃጥል ነገር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖች የሚሺጋንን ክረምት ሜዳ ላይ ከረሙ። በሩብ ዓመቱ መጨረሻ ፋብሪካው ስልክ እየደወለ ነጋዴዎቹን ውሰዱ እያለ ይለምናል። ነጋዴዎቹም ተማሩ፤ ቀደም ብለው ማዘዝ ትተው መጨረሻዋን ሳምንት መጠበቅ ጀመሩ፣ ያን ጊዜ ዋጋው ይወርዳልና። ሊ አያኮካ በ1978 መጨረሻ ኩባንያውን ለመምራት ሲመጣ ያገኘው ይህን ነበር። በጃንዋሪ 1980 ፕሬዚዳንት ካርተር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር የብድር ዋስትና ሕግ ፈርመው ኩባንያው ተረፈ።

እኔን ይበልጥ የሚያመኝ ግን የ2009ኙ ነው። ክራይስለር ኪሳራ አውጆ በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ሳለ፣ በሜይ 14 ቀን ለ789 ነጋዴዎች ውላችሁ ይቋረጣል የሚል ማስታወቂያ ወጣ፤ ከነጋዴዎቹ ከአራቱ አንዱ ገደማ መሆኑ ነው። ውሉ የተቋረጠው በጁን 9 ነው። ከአራት ሳምንት ያነሰ ጊዜ! በግቢያቸው የቆሙት አዳዲስ መኪኖችስ? ኩባንያው መልሼ አልገዛም፣ ወደ ሌሎች ነጋዴዎች እንዲዛወሩ ግን እረዳለሁ አለ። ከጁን 9 በኋላ እነዚያን መኪኖች እንደ አዲስ የመሸጥ መብት አልነበራቸውም። ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የወረዱ ቤቶች ነበሩ። ትናንት ዜሮ ዜሮ የነበረች መኪና በአንድ ሌሊት ባለቤቷ አዲስ ብሎ ሊሸጣት የማይችላት ሆነች። ብረቷ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወረቀት ነው። በዚህ ንግድ ውስጥ አዲስ የሚለው ቃል የወረቀት ቃል መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

እስቲ ነጋዴው ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ፤ እኔም አብሬ አድርጌዋለሁና። መጀመሪያ የሚሞክረው መለዋወጥ ነው። እዚህ ማንም የማያያት መኪና ሌላ ከተማ ላይ ትፈለግ ይሆናል፤ በደጃፏ በረዶ የሚከመርባት መንደር ባለአራት ጎማ መንጃውን ትፈልጋለች፣ ፍሎሪዳ ደግሞ ጣሪያው የሚከፈተውን። ሁለተኛው ለሻጩ ጉርሻ መስጠት ነው፦ ይህችን የሸጠ ከኮሚሽኑ በላይ ይህን ያህል ያገኛል ይባላል። በግንባራችሁ የማታውቁት ሻጭ ያልጠየቃችኋትን መኪና እያወደሰ ደጋግሞ ሲያሳያችሁ ይህን አስቡ። ፋብሪካውም ይገባበታል፤ ለነጋዴው በስውር፣ ለገዢው በግልጽ ቅናሽ ያወጣል። ለገዢው ገንዘብ የመመለሱን ልማድ በ1975 መጀመሪያ ላይ በሰፊው ያስተዋወቀው ያው ክራይስለር ነው።

ቀጥሎ መኪናዋን ሥራ ማስያዝ ይመጣል። ለጥገና መኪናቸውን ለሚተዉ ደንበኞች በውሰት ትሰጣለች፣ ወይም ሥራ አስኪያጁ ይነዳታል፣ ወይም ደንበኛ የሚሞክራት ትሆናለች። ሺህ ማይሎች ነድተዋት እንኳ ሊብሬ ካልወጣላት በሕግ አዲስ ተብላ የምትሸጥበት አጋጣሚ አለ። በስተመጨረሻም ነጋዴው ራሱ ሊብሬ ያወጣላትና ያገለገሉት መኪኖች ረድፍ ውስጥ ያቆማታል፤ አለዚያም ወደ ጨረታ ይልካታል። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ በፔንሲልቬኒያ ማንሃይም በምትባል ከተማ በ1945 የተጀመረ ጨረታ አለ፤ የከተማዋን ስም የያዘው ድርጅት ዛሬ በዓለም ትልቁ የነጋዴዎች የመኪና ጨረታ ነው። እዚያ የሚደርሱ ያልተነዱ መኪኖች ከስንት ኪሳራ በኋላ እንደመጡ የሚያውቀው ላኪው ብቻ ነው።

አሁን ስለ ወር መጨረሻ። አምራቹ ለነጋዴው ግብ ይሰጠዋል፦ በዚህ ወር 100 ከሸጥክ ለእያንዳንዷ መኪና ጉርሻ አለህ። በ30ኛው ቀን ማታ 97 ላይ የቆመ ነጋዴ ሦስቱን በኪሳራም ቢሆን ይሸጣል፤ የመቶዋ ጉርሻ ከኪሳራው ይበልጣልና። ገዢ ካጣስ? ሳትሸጥ ተሽጣለች ብሎ ለፋብሪካው ያስመዘግባል። መኪናዋ ከግቢው ሳትንቀሳቀስ፣ ባለቤት ሳይኖራት የዋስትናዋ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል።

የእኔ ታሪክ ይኸው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ መኪና ስገዛ ሌሊት መጋዘን፣ ቀን ነዳጅ ማደያ ሠርቼ ባጠራቀምኩት ነበር። ፎቶ ተነስቼ ለእናቴ ላክሁ። ከሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ ካምቢዮዋ ሲበላሽ ወደ ገዛሁበት ወሰድኳት፤ የሦስት ዓመቱ ዋስትና ሊሞላ ወራት ይቀሩታል ብዬ ነበር። ዋስትናው ካለቀ ቆይቷል አሉኝ። እኔ ከመግዛቴ 11 ወር በፊት ተሽጣለች ተብላ ተመዝግባ ኖሯል። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ እኔም ፈርሜበታለሁ። ያኔ ቁጭ ብዬ ማንበብ የሚገባኝን ወረቀት በደስታ ብዛት ዝም ብዬ ፈረምኩት። ወደዚህ ሥራ የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ማታ እዚህ የቆምኩትም በዚያው ምክንያት ነው።

ስለ መጨፍለቁ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ሜዳ ሙሉ መኪና የሚታይባቸው ፎቶግራፎች ያልተሸጡ አዳዲስ መኪኖች መቃብር እየተባሉ ይዘዋወራሉ። ብዙዎቹ የወደብ ሜዳዎች ናቸው፤ ባልቲሞር ሄዳችሁ ብታዩ እንዲሁ ናቸው፣ የዛሬዎቹ ሲሄዱ የነገዎቹ ይተካሉ። በቻይና ሃንግዡ ሣር የበቀለባቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ፎቶም የከሰሩ የኪራይና የትራንስፖርት ድርጅቶች ያገለገሉ መኪኖች ነበሩ። በእርግጥ የተጨፈለቁ አዲስ መኪኖች አሉ። በ2006 ኩገር ኤስ የተባለች መርከብ አላስካ አካባቢ ወደ ጎኗ ተጋድማ ለሳምንታት ስለቆየች፣ ማዝዳ የጫነቻቸውን 4,703 መኪኖች አንድም ሳይሸጥ አስፈጫቸው። ያ ግን ስለ ደኅንነታቸው እርግጠኛ መሆን ስላልቻለ ነው እንጂ ገዢ ስላጡ አይደለም።

ቆማ የከረመች መኪና ታማለች ማለት ነውን? ሁልጊዜ አይደለም። ነገር ግን ብረትና ጎማ መቆም አይወዱም። ባትሪው ይደክማል፣ ብዙ ጊዜም ሙሉ በሙሉ ይሞታል። ጎማው አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ ይዘረጥጣል። የፍሬኑ ዲስክ ይዝጋል፤ ላይ ላዩ በመንዳት ይጠፋል፣ ጠልቆ የበላው አይጠፋም። ታንኩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ያረጃል። አይጥ የሽቦ ሽፋን ይበላል፤ ይህ ተረት አይደለም፣ በዐይኔ አይቻለሁ።

ዕድሜዋን ማንም ሳይነግራችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። የሾፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀት የተሠራችበትን ወርና ዓመት ይናገራል። ጎማው ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ጋር ያሉት የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 3523 ካለ በ2023 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ነው። መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ትልቁ የዋጋ ወረቀት በ1958 በወጣ ሕግ የመጣ ነው፤ ሕጉን ያመጡት የኦክላሆማው ሴናተር ማይክ መንሮኒ ስለሆኑ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከዚያ በፊት ገዢው የመኪናዋን እውነተኛ የፋብሪካ ዋጋ የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። በስተመጨረሻ አንዲት ጥያቄ በጽሑፍ ጠይቁ፦ ዋስትናዋ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው? ቃል አትቀበሉ፤ ቀኑ ይጻፍላችሁ።

የቆየች መኪና አትግዙ እያልኩ አይደለም። ረክሳ የተገኘች ጥሩ መኪና በረከት ናት። ቅናሹ ግን ለቆመችበት ጊዜ ይበቃል ወይ ብላችሁ አስሉ። በተለይ በመተግበሪያ ሰው የምታመላልሱ፣ እባካችሁ ይህን ስሙኝ። ድርጅቶቹ የመኪናን ዕድሜ የሚቆጥሩት ከሞዴሏ ዓመት ነው እንጂ እናንተ ከገዛችሁበት ቀን አይደለም። የ2023 ሞዴል በ2025 አዲስ ብላችሁ ብትገዙ፣ ከሥራ ዘመኗ ሁለት ዓመት አልፏል። አደጋ ደርሶ ኢንሹራንሱ ሙሉ ዋጋዋን ልክፈል ሲልም የሚያሰላው ከሞዴሏ ዓመት ተነስቶ ነው፤ የባንኩ ዕዳ ከካሣው በልጦ መኪና አልባ ባለዕዳ የሆኑ ወገኖች አውቃለሁ።

ከዚህም የባሰው ቅናሹ በአንድ በር ገብቶ በሌላው ሲወጣ ነው። ባንኩ ለእናንተ 7 በመቶ ሲፈቅድ ነጋዴው 9 አድርጎ ሊያቀርብላችሁ ይችላል፤ ልዩነቱ ላይ ድርሻ አለው። 30,000 ዶላር ለ72 ወር ስትበደሩ ያቺ ሁለት በመቶ ወደ 2,100 ዶላር ትሆናለች። 2,000 ዶላር ቀነሰልኝ ብሎ በደስታ የወጣ ሰው በወለዱ መልሶ ከፍሎታል። ወደ መሸጫው ከመሄዳችሁ በፊት ከራሳችሁ ባንክ ወይም ከብድርና ቁጠባ ማኅበር የብድር ፈቃድ ይዛችሁ ሂዱ። በወር ስንት መክፈል ትችላለህ ብሎ ለሚጠይቃችሁ ሻጭ አትመልሱ፤ ስለ ጠቅላላው ዋጋ ብቻ ተነጋገሩ። ይህን ስላችሁ የሥራ ባልደረቦቼን እንደማላስደስት አውቃለሁ።

አገር ቤት ለዘመዶቻችሁ የኤሌክትሪክ መኪና የምትገዙም አላችሁ። መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ቻይና ዋና ገበያችን ሆናለች። እዚያም ያው በሽታ አለ። የቻይናው መኪና አምራች የግሬት ዎል ሞተር ሊቀ መንበር ዌይ ጂያንጁን በ2025 እንደተናገሩት፣ ያልተነዱ መኪኖችን ያገለገሉ ብለው የሚሸጡ ከ3,000 እስከ 4,000 ሻጮች አሉ፤ ፋብሪካና ነጋዴ የሽያጭ ቁጥር ለመሙላት ታርጋ አውጥተውላቸው ማለት ነው። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ወደ ውጭ አገር ይላካሉ። ስለዚህ ዜሮ ኪሎ ሜትር ማየት ብቻ አይበቃም፤ የተመዘገበችበትን ቀንና ዋስትናዋ ከቻይና ውጭ ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ።

ወደ ቡናማዋ ልመለስ። በ412ኛው ቀን አንድ አባት ወደ ግቢው ገቡ። አማርኛ ስናገር ሰምተው ነው ወደ እኔ የመጡት። አለባበሳቸው የቤተ ክርስቲያን ነበር፣ እሑድ ከሰዓት። «ልጄ፣ ፍሪሲዮን ያላት መኪና ታሳየኛለህ?» አሉኝ። በወጣትነታቸው የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና 19 ዓመት ተመላልሰዋል። አሜሪካ ከመጡ ጀምሮ ማርሽ ነክተው አያውቁም። ወደ ማጠቢያው ወሰድኳቸው።

ዙሪያዋን ዞሩ። ጎንበስ ብለው ጎማዎቹን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ፍሬኑን በጎማው ክፍተት አዩ። «ይህች መኪና አንድ ቦታ ላይ ክረምት አሳልፋለች» አሉ። «አዎ ጋሼ፣ ዓመት አልፏታል» አልኳቸው። «ባትሪዋስ?» «ሁለት ጊዜ በሌላ መኪና አስነስተናታል።» ይህን ሥራ አስኪያጄ ቢሰማ ምን እንደሚለኝ አውቅ ነበር። እርሳቸው ግን ቀና ብለው አዩኝና «እንግዲያው ባትሪና አራቱንም ጎማ ቀይሩልኝ፣ ከዚያ ስለ ዋጋው እናወራለን» አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ሒሳቡን አወጣ። መኪናዋ በ28,000 ዶላር የተያዘች ነበረች፣ በ7 በመቶ ወለድ። እስከዚያ ቀን ድረስ ቆማ ከ2,200 ዶላር በላይ በልታለች። ከተጠየቀው ዋጋ በታች ተሸጠች፤ ባትሪውም ጎማውም ተቀየረ፣ ዋስትናው ከዚያች ቀን ጀምሮ እንደሚቆጠር በጽሑፍ ተሰጣቸው። አንብበው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ እንደገና አንብበው ፈረሙ። ወደ መንገዱ ሲወጡ መስታወቱን ዝቅ አድርገው ነበር፤ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ሲያሳልፏት አንዴም አልተንገራገጨችም።